የፈርነስ ቦርድ ሞቷል ተባልኩ፤ ከመቀየሬ በፊት ልጠግነው እችላለሁ?

አቤል_ሴንትፖል፦ ቅዳሜ ከሰዓት

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ሌሊት ፈርነሳችን፣ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀው ማሽን፣ ቆመ። ውጭው ከዜሮ በታች 16 ፋራናይት ነው። ጠዋት ስነሳ ቤቱ ውስጥ 54 ሆኖ አገኘሁት። የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፣ እናቴም ከጎንደር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው።

የጠራሁት ቴክኒሽያን ሃያ ደቂቃ አይቶ «ቦርዱ ሞቷል» አለኝ፤ ፈርነሱን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። ከነመግጠሚያው 780 ዶላር፤ ዕቃው ደግሞ የሚገባው ረቡዕ ነው። ለማየት ብቻ 120 ከፈልኩት። ብሩ ይቅር፣ እስከ ረቡዕ እንዴት እንደምንቆይ ነው የጨነቀኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ አላስችለኝ አለና ብሬከሩን አጥፍቼ ቦርዱን ፈታሁት። በአራት ብሎን ነው የታሰረው። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ገልብጬ በስልክ መብራት ሳየው ግን አንዱ ጥቁር ሪሌ (ሞተር የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ) ሥር፣ ከእግሮቹ በአንዷ ዙሪያ፣ ፀጉር የምታክል ክብ ስንጥቅ አለች። አካባቢው ቡናማ ሆኗል፤ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ይመስላል።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ተርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ ቦርዱ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም። ጭሱን ወደ ውጭ የምትገፋው ትንሿ ሞተር፣ ኢንዱሰር የሚሏት፣ አትነሳም። ቀይዋ መብራት ሦስት ሦስት ጊዜ ብልጭ ትላለች። በሩ ጀርባ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሦስት ማለት ፕሬሸር ስዊቹ (ጭሱ ወደ ውጭ መሳቡን የሚያረጋግጠው ማብሪያ) አልተዘጋም ማለት ነው።

አገር ቤት ሳለሁ ራዲዮ እየፈታሁ ነው ያደግኩት፣ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃውን ሊድ ማቅለጥ አያስፈራኝም። ጋዝ ስላለበት ግን እጄ አልደፈረም። ምን ትላላችሁ?

ሄርሜላ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ ቅዳሜ ከሰዓት

አይዞህ አቤል። ስለ ቦርዱ የሚያውቁት ይመልሱልሃል፣ እኔ ስለ ዛሬ ሌሊት ልንገርህ። እኛም አምና ሁለት ቀን ያለ ሙቀት አድረናል።

ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተኙ፣ በሩን ዝጉት። የኤሌክትሪክ ሂተር ከገዛህ ግድግዳው ላይ ቀጥታ ሰካው፣ በኤክስቴንሽን አይሁን። 1500 ዋቱ ከ12 አምፒር በላይ ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ይቀልጣል። በአንድ መስመር ሁለት አትሰካ፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ኩሽናና ሽንት ቤት ቧንቧው በቀጭኑ ይንጠባጠብ፣ ከሲንኩ በታች ያለውን ቁም ሳጥን ክፈተው፣ አለዚያ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ይረጋል።

ሌላው፣ እናትህን በደንብ ንገራት። ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታስገባ። የእኔ እናት ቡና ማፍያውን ማንደጃ ከበረንዳ አምጥታ ሳሎን ልታደርገው ስትል ነው የደረስኩት። አገር ቤት በር ክፍት ነው፣ አየር ይገባል። እዚህ ቤቱ እንደ ጣሳ የታሸገ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው መርዝ መውጫ የለውም። የጋዝ ኦቨን ከፍቶ መሞቅም ያው ነው።

ጋሽ_ወንዴ_አውሮራ፦ ቅዳሜ ማታ

አቤል ልጄ፣ እናትህን እግዜር ይጠብቅልህ። እኔ መርካቶ 19 ዓመት ቴሌቪዥንና ቴፕ ስጠግን ኖሬ ነው ወደ ኮሎራዶ የመጣሁት። አንተ የምትለውን ስንጥቅ በጨለማ በጣቴ ዳስሼ አገኘዋለሁ። የድሮ ቴሌቪዥኖች ግማሹ በሽታቸው እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሌ ከባድ ዕቃ ነው። በከፈተና በዘጋ ቁጥር ይነዝራል። የሞተሩ ከረንት ሲያልፍበት እግሩ ይሞቃል፣ ሞተሩ ሲቆም ይቀዘቅዛል። በእናንተ ክረምት ይሄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አስበው። ዓመታት ሲቆጠሩ ሊዱ ይደክምና እግሩን ከቦ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ትንንሽ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ቡናማ ያደረገውም እሱ ነው። ሪሌው ቀጭ የሚለው ማግኔቱ ስለሚሠራ ነው፤ መብራቱ ግን ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሞተሯ ካልዞረች ፕሬሸር ስዊቹ አይዘጋም፣ ወረቀቱም የሚልህ ያንኑ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ሞቷል ከማለት አንድ እግሩ ተሰብሯል ማለት ይቀላል።

አሠራሩን ልንገርህ። መጀመሪያ ሽቦዎቹ የነበሩበትን በፎቶ ያዝ፣ ሁሉንም፣ ቀለማቸው እስኪለይ ድረስ። የቦርዱ ጀርባ ቫርኒሽ በመሰለ ነገር የተቀባ ነው። እሱ ካልተነሳ ሊዱ አይዝም፣ ያጨሳል ብቻ። እግሩ አካባቢ በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለህ ፋቀው፣ በአልኮል ጥረገው፤ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን። ከዚያ የቆየውን ሊድ ምጠጠው። በስንጥቁ ላይ አዲስ ሊድ መደረብ ልፋት ነው፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። አሮጌው ተነሥቶ የእግሩ ብረት ነጭ ሆኖ እስኪታይ አጽዳው፣ ከዚያ በአዲስ ሙላው።

ሊዱን ደግሞ 63/37 የሚለውን ግዛ (63 ቆርቆሮ፣ 37 እርሳስ ማለት ነው)፣ ውስጡ ሮዚን የሚባል ሙጫ ያለበትን። በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ፋብሪካው የተጠቀመበት እርሳስ የሌለበት ከሆነ ግን እስከ 220 ይፈልጋል፣ ስለዚህ አሮጌው እንቢ ሲልህ አትደንግጥ፣ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምርበትና አብረህ አቅልጠው። የመበየጃ ብረትህን 350 ላይ አድርገው። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ፓስታ አታስጠጋው፣ አሲድ ነው፣ መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ዮናስ_ፈርነስ፦ ቅዳሜ ማታ

ጋሽ ወንዴ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። ፈቃድ ይዤ ይሄን ሥራ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው።

ይሄ የቴሌቪዥን ቦርድ አይደለም። ቴሌቪዥን ሲበላሽ ሥዕሉ ይጠፋል፣ በቃ። ይሄኛው ግን ጋዙን መቼ እንደሚከፍት፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ እንኳ ጋዙ እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቤት ውስጥ የጨመርነው ሊድ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ከተንጠባጠበ ያ ጥንቃቄ ይፈርሳል። እኔ ደንበኛ ቤት ሄጄ ቦርድ የማልጠግነው ስለማልችል አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ኢንሹራንሱም ሕጉም የሚጠይቁት እኔን ነው።

ግን አቤል፣ ልጅህ ብርድ ላይ እያለ ረቡዕን ጠብቅ ብቻ ብዬህ አልሄድም። ስለዚህ ወሰኑን ልንገርህ። ቦርዱ ላይ ሞተር የሚያስነሱ ሪሌዎች አሉ፣ የኢንዱሰሩና የትልቁ ፋን። እነሱ ቢበላሹ ቤቱ ይቀዘቅዛል እንጂ ጋዝ አይፈስም፤ ፕሬሸር ስዊቹና ሙቀት ሲበዛ የሚያጠፋው ሊሚት ስዊች አሉለት። የጋዝ ቫልቩን የሚያዘው ሪሌና እሳት መኖሩን የሚያውቀው የፍሌም ሴንሰሩ ሽቦ የሚገባበት አካባቢ ግን አይነካም። እዚያ ጋ ቃጠሎ ካየህ ቦርዱን ቀይር፣ ክርክር የለውም። ቤቱም የአንተ መሆን አለበት። ተከራይ ከሆንክ ባለቤቱ ይጥራ።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ሰውዬው ሃያ ደቂቃ ውስጥ «ቦርድ ነው» ሲል ምን ለካ? ኢንዱሰሯ ሶኬት ላይ 120 ቮልት ደርሶ ሞተሯ ካልዞረች ጥፋቱ የሞተሯ ነው። ካልደረሰ የቦርዱ ነው። ይሄ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቴስተር ካለህ ቦርዱን መልሰህ ግጠምና ሞተሯ እንደተሰካች ለካ። ነቅለህ ብትለካ ያሳስትሃል፣ የተሰነጠቀ ሊድም ሸክም ከሌለበት ሙሉ ቮልት ያሳያል። ደረቅ መሬት ላይ ቁም፣ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ።

አቤል_ሴንትፖል፦ ቅዳሜ ማታ

ቤቱ የራሳችን ነው። ጋሽ ወንዴ እና ዮናስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለካሁ። ሞተሯ እንደተሰካች ቮልቱ ከ30 እስከ 45 ይዋልላል። ከዚያ በደረቅ የእንጨት ማማሰያ እጀታ ሪሌውን ከላይ ቀስ ብዬ ጫን አልኩት። 119 አለና ሞተሯ እያጓራች ተነሣች! እጀታውን ሳነሣ ቆመች። እናቴ ደረጃው ላይ ሆና «ተነሣ?» ስትል ሰማኋት።

የጋዝ ቫልቩ ሽቦ የሚገባው በቦርዱ ሌላኛው ጫፍ ነው። እዚያ ምንም ቃጠሎ የለም፣ በማጉያ መነጽር አየሁት። ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ሊድና መምጠጫ ልግዛ።

ብሩክ_ካልጋሪ፦ ቅዳሜ ማታ

እሱ እስኪመለስ፣ ይሄን የውይይት ክር በኋላ ለሚያነበው ሰው ልጨምር። እኔ አዲስ ተርሞስታት ስገጥም ብሬከሩን ሳላጠፋ ቀዩን የኃይል ሽቦ ከመመለሻው ሲ ሽቦ ጋር አነካካሁት። ፈርነሱ ጸጥ አለ፣ መብራቱ ሁሉ ጠፋ። በስልክ ያናገርኩት ሰው ቦርድ መቀየር አለበት አለኝ። ቦርዱ ላይ ግን እንደ መኪና ፊውዝ ያለች ወይን ጠጅ ቀለም ፊውዝ አለች፣ 3 የሚል የተጻፈባት። እሷ ነበረች የተቃጠለችው። አንዳንዱ ላይ 5 አምፒር ናት፣ ቀለሟ ቡናማ ቢጤ። መኪና ዕቃ መሸጫ ገዛሁ፣ ከካልጋሪ ብርድ ወጣን። በቁጥሯ ግዙ፣ ከፍ አታድርጉ። ትልቅ ፊውዝ ካስገባችሁ ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው።

ሄርሜላ_ሲልቨርስፕሪንግ፦ ቅዳሜ ማታ

የእኛም ቦርድ ነው ተብሎ ነበር። እሳቱ ይነሣል፣ አምስት ስድስት ሴኮንድ ይነድና ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይቆልፋል። ሁለተኛ የጠራነው ሰው ፍሌም ሴንሰሩን አወጣው፣ እርሳስ የምታህል ዘንግ ናት፣ በቀጭን ብረት ሱፍ አሸት አሸት አደረጋት፣ አለቀ። ዮናስ እስቲ ለምን እንደሆነ አስረዳን፣ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዮናስ_ፈርነስ፦ ቅዳሜ ማታ

ደስ የሚል ጥያቄ ነው ሄርሜላ። እሳት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በጣም በትንሹ። ቦርዱ በዚያች ዘንግ ላይ ተለዋዋጭ ቮልት ያደርጋል። እሳቱ ሲነካት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከረንት ይፈጠራል፣ በማይክሮ አምፒር የሚቆጠር፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5። አንድ ማይክሮ አምፒር የአምፒር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዘንጓ ላይ ስስ ሽፋን ከተጋገረ ያቺ ከረንት ትጠፋለች። ቦርዱም እሳት የለም ብሎ ጋዙን ይዘጋል። ትክክል ነው የሠራው፣ የዋሸችው ዘንጓ ናት። የግራውንድ ሽቦ ሲላላም ያንኑ ያደርጋል።

አቤል_ሴንትፖል፦ እሑድ ሌሊት

ሠራ!

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቫርኒሹን መፋቅ ነበር ከባዱ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አሮጌው ሊድ ጋሽ ወንዴ እንዳሉት እንቢ አለ፣ አዲስ ስጨምርበት ነው ውሃ የሆነው። ሲመጠጥ እግሯ ጥቁር ሆና ታየች። በምላጭ ጀርባ ፋቅኳት፣ ብር መሰለች። አዲሱን ሊድ ስሰጣት እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ከበባት። ጎን ለጎን ያሉትንም የሪሌ እግሮች አየኋቸው፣ አንዷ መሰንጠቅ ጀምራ ነበር፣ እሷንም አደስኳት። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ አንድ ሰዓት አደረቅሁት።

ገጥሜ ብሬከሩን ሳበራ ኢንዱሰሯ ወዲያው ተነሣች። ጋዙን የሚያቀጣጥለው ኢግናይተር ግሎ ብርቱካን ሆነ፣ እሳቱ ያዘ፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ትልቁ ፋን መጣ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ 68 ገባ። እናቴ ጋቢዋን ጥላ ተኛች።

ዮናስ_ፈርነስ፦ እሑድ ጠዋት

እንኳን ደስ ያለህ። አሁን ሁለት ፈተና አድርግልኝ፣ ካላደረግህ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንደኛ፣ እሳቱ እየነደደ የፍሌም ሴንሰሩን ሽቦ ንቀል፣ እጀታው ፕላስቲክ በለበሰ ፒንሳ። ጋዙ ወዲያው መዘጋት አለበት። ሁለተኛ፣ እሳቱ እየነደደ የፕሬሸር ስዊቹን ጎማ ቱቦ ንቀል። አሁንም መዘጋት አለበት። ከሁለቱ በአንዱ እሳቱ ነድዶ ከቀጠለ ፈርነሱን አጥፋው፣ ጋዙን በእጅ ዝጋው፣ ቦርዱ ይጣል። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምህም ይሠራል ወይ? በእናንተ በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ መኖር አለበት።

አቤል_ሴንትፖል፦ እሑድ ከሰዓት

ሁለቱንም አደረግሁ። የሴንሰሩ ሽቦ ሲነቀል እሳቱ ሁለት ሳልቆጥር ጠፋ። ቱቦውም እንደዚያው። አላርሙ ፎቅ ላይ አንድ ነበር፣ ዛሬ እናቴ የምትተኛበት ክፍል ጋ ሁለተኛ ጨመርኩ።

አቤል_ሴንትፖል፦ ማክሰኞ ማታ

ተመለስኩ። ከሥራ ስገባ ቤቱ 61 ነው። ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ሞተሯ እየጮኸች በግድ ትነሣለች፣ አንዳንዴ ጭራሽ አትነሣም። ሊዱን አየሁት፣ እንደሠራሁት ነው፣ ስንጥቅ የለም። እስካሁን የለፋሁት በከንቱ ይሆን?

ዮናስ_ፈርነስ፦ ማክሰኞ ማታ

በከንቱ አይደለም። መጀመሪያውኑ ልጠይቅህ የሚገባኝን አልጠየቅሁህም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሊዱን ያቃጠለው ምንድን ነው? ብሬከሩን አጥፋና የኢንዱሰሯን መዘውር በጣትህ አዙረው። ደግሞ ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ካገኘህ ስትዞር የምትስበውን አምፒር ለካና ሞተሯ ላይ ከተጻፈው ጋር አወዳድር።

አቤል_ሴንትፖል፦ ማክሰኞ ማታ

ሳዞረው አሸዋ ያለበት ይመስላል። ይሄዳል፣ ይይዛል፣ ይሄዳል። የሥራ ባልደረባዬ ክላምፕ ሜትር ይዞ መጣ። ሞተሯ ላይ የተጻፈው 1.3 አምፒር ነው። የሚስበው 2.4።

ጋሽ_ወንዴ_አውሮራ፦ ማክሰኞ ማታ

በቃ ተገኘ። ኩሽኔታዋ ደርቋል። እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ከረንት ስትስብ ከርማ ነው የሪሌውን እግር ያሞቀችው። ሊዱ የተሰነጠቀው በእሷ ምክንያት ነው። እኔም እንደ ጀማሪ ስንጥቁን አይቼ እዚያው ቆምኩ፣ አዝናለሁ ልጄ። 780 ከፍለህ አዲስ ቦርድ ብታስገባም ይቺ ሞተር እዚያው ሆና እሱንም ትበላው ነበር።

ሪሌውም አሁን ይቀየር። በዚያ ሁሉ ከረንት ሲዘጋና ሲከፈት ውስጡ ያሉት ሁለት ነጥቦች ተቃጥለዋል። ሪሌው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብልኝ፤ የጥቅልሉን ቮልት፣ የነጥቦቹን አምፒር፣ የእግሮቹን አቀማመጥ። ሦስቱ ከተስማሙ የማንም ፋብሪካ ይሁን ይሠራል። አምፒሩ ከፍ ቢል አይጎዳም። የጥቅልሉ ቮልት ግን ያው መሆን አለበት፤ 24 ዲሲ ያለበት ቦታ 12 ብታስገባ ይነድዳል።

አቤል_ሴንትፖል፦ ዓርብ ማታ

ረቡዕ ሞተሯ ከነቤቷ መጣች፣ 165 ዶላር። ሪሌው 7 ዶላር ነው፣ ሁለት ገዛሁ። አሮጌውን ሪሌ ሽፋኑን ቆርጬ ከፈትኩት። ከሁለቱ ነጥቦች አንዱ በአይጥ የተበላ ይመስላል፣ ጥቁርና ጎድጓዳ። ጋሽ ወንዴ፣ እርስዎ ሳያዩት እንዳሉት ነው።

ሁለቱንም ቀየርኩ። አሁን የምትስበው 1.2 ነው። ድምፅዋ ራሱ ተለወጠ፣ ስትነሣ አትሰማም። የዮናስን ሁለት ፈተና ደገምኩ፣ ሁለቱንም አለፈ።

ትዕግሥት_ኮሎምበስ፦ ዓርብ ማታ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ተባረኩ። የእኔ ግን ይለያል። ከላይ ካለው ኤሲ ውሃ እየተንጠባጠበ ቦርዱ ላይ ወርዶ አንድ ቦታ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ትንሽ ተቦርቡሯል። እሱም ይጠገናል?

ጋሽ_ወንዴ_አውሮራ፦ ዓርብ ማታ

አይጠገንም ልጄ። ቦርዱ ራሱ ከሰል ከሆነ ያ ጥቁር ነገር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሊድ ብትጨምሪበት በጎን እየሄደ ሌላውን ያቃጥላል። ለዚህኛው አዲስ ግዢ። ግን ቦርዱን ከማዘዝሽ በፊት የኤሲውን የውሃ መውረጃ አስጠርጊ፣ ተደፍኖ ነው የሚፈሰው።

ዮናስ_ፈርነስ፦ ዓርብ ማታ

በጋሽ ወንዴ እስማማለሁ። ትዕግሥት፣ የፋብሪካው ቦርድ ዋጋው ከበዛብሽ ለብዙ ዓይነት ፈርነስ የሚሆኑ ቦርዶች አሉ። ለምሳሌ የዋይት ሮጀርስ 50ኤ55-843 ባለ አንድ ደረጃ ፈርነሶች ላይ ብዙ ጊዜ ይገጠማል። የአንቺ ላይ መግባቱን ግን በፈርነሱ ሞዴል ቁጥር አረጋግጪ። ቁጥሩ በሩን ስትከፍቺ ከውስጥ በስተግራ ወይም በስተቀኝ ተለጥፏል። ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ከሥራ ስወጣ አይልሻለሁ።